ስፌቱ የት ላይ ነው? የጀነሲስ ምርጥ ዘፈን ክርክር

የእንግሊዙን የጀነሲስ ባንድ አድናቂዎች «ከዘፈኖቹ ሁሉ የቱ ይበልጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው ክርክሩ ቶሎ አይለቀውም። አንዱ «ሰፐርስ ሬዲ» ይላል፤ ሌላው «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» ብሎ ድርቅ ይላል፤ ሦስተኛው «ዘ ሲኒማ ሾው»ን ያነሣል፤ «ሆም ባይ ዘ ሲ»ን ወይም «ዶሚኖ»ን ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ይህን ክርክር ለዓመታት ስከታተል አንድ ነገር አስተውያለሁ። ተከራካሪው የሚጠራው የዘፈን ስም ነው፤ «ለምን?» ሲሉት ግን አንድ ቦታ ለይቶ ያሳያል፦ «ጊታሩ የሚገባበት»፣ «ኦርጋኑ ከፍ የሚልበት»፣ «የመጀመሪያው ዜማ የሚመለስበት»። አንዳንድ ሐያስያን ይህን አነጋገር ይንቁታል። እኔ ግን ስለ ፕሮግሬሲቭ ሮክ ለመነጋገር ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም። እነዚህ ረጃጅም ሥራዎች ከተለያዩ ቁርጥራጮች የተሰፉ ስለሆኑ ብርታታቸውም ድክመታቸውም የሚታየው ስፌቱ ላይ ነው።

ክርክሩ የተበላሸው ግን ሌላ መስመር ስለተሰመረበት ነው። ባንዱ በ1967 (ዓመቶቹም ቀኖቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሪ አውራጃ ባለው የቻርተርሃውስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ተመሠረተ። ድምፃዊው ፒተር ገብርኤል በ1975 ሲወጣ ድራም መቺው ፊል ኮሊንስ ተነሥቶ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከዚያ ወዲህ አድናቂው «የገብርኤል ዘመን» እና «የኮሊንስ ዘመን» በሚል ለሁለት ተከፈለ፤ ምርጥ ዘፈን ምረጡ ሲባልም አብዛኛው ሰው ድምፃዊ ይመርጣል። ለዚህ ስሕተት ባንዱ ራሱ በር ከፍቷል። እስከ 1976 ድረስ በአልበሞቹ ላይ የደራሲ ስም ለይቶ አይጽፍም ነበር፤ ሥራው ሁሉ የጋራ ተብሎ ይወጣ ነበር። «ኤ ትሪክ ኦቭ ዘ ቴይል» በዚያ ዓመት ሲታተም ነው የእያንዳንዱ ዘፈን ደራሲ በየስሙ የተገለጸው። መድረክ ላይ በአልባሳትና በጭምብል ዓይን ይስብ የነበረው ገብርኤል ስለነበር፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ቶኒ ባንክስ የፈጠራቸውን ዜማዎች አድማጩ ለገብርኤል ሲሰጥ ኖሯል።

«ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» ለዚህ ዋናው ማስረጃዬ ነው። በ1973 በወጣው «ሴሊንግ ኢንግላንድ ባይ ዘ ፓውንድ» አልበም ላይ ያለ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ የሚፈጅ ሥራ ነው። ስሙ የቅኔ ተማሪ ኅብር የሚለው ዓይነት ነው። በስኮትላንድ የፎርዝ ወንዝ ከባሕር የሚገናኝበት ሰርጥ «ፈርዝ ኦቭ ፎርዝ» ይባላል፤ «ፎርዝ» በእንግሊዝኛ «አራተኛ» ከሚለው ቃል ጋር በድምፅ ስለሚገጥም፣ ባንዱ «አምስተኛ» ብሎ ቀጠለበት። ግጥሙ የስሙን ያህል አልሰመረም፤ ከቤዝ ተጫዋቹ ከማይክ ራዘርፎርድ ጋር የጻፈው ባንክስ ራሱ እንደማይረካበት ተናግሯል። ሥራውን ያቆመው ዜማው ነው።

ሲጀምር ባንክስ ብቻውን ፒያኖ ይጫወታል። አንድ ደቂቃ በጥቂት በሚያልፍ ጊዜ ውስጥ ምቱ ከ2/4 ወደ 13/16 እና 15/16 ይገለባበጣል። ቆጥሮ ልከተል ያለ ሰው ይስታል፤ ዝም ብሎ የሚሰማ ግን እንደ ወራጅ ውኃ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ድምፅ ይገባል። ከስንኞቹ በኋላ ገብርኤል በፍሉት አንዲት ዜማ ይነፋል፤ ቀጭን ናት፣ ሐዘን አለባት። ያችኑ ዜማ ፒያኖው ይቀበላታል። ቀጥሎ የመግቢያው ሙዚቃ በሲንተሳይዘር ይመለሳል፤ አሁን ድራምና ቤዝ ከሥሩ ስለገቡ ይገሠግሣል። ወደ ስድስተኛው ደቂቃ ሲጠጋ ሁሉም ይሰፋል፤ የባንዱ ጊታር ተጫዋች ስቲቭ ሃኬት በኤሌክትሪክ ጊታር የፍሉቷን ዜማ ያነሣታል። ጣቱን ለማሳየት አይሯሯጥም። አንዷን ኖታ ይይዝና ያቆያታል፤ ከኋላው ሜሎትሮን የተባለው ኪቦርድ እንደ ብዙ ቫዮሊን ያጅበዋል። ሌሊት ቤተሰቡ ሲተኛ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው፣ ያቺ ኖታ ከመግባቷ በፊት ትንፋሼን እይዛለሁ። መቼ እንደምትመጣ አሳምሬ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እይዛለሁ።

«ምርጡ የጊታር ሶሎ» እየተባለ የሚወደሰው ይህ ክፍል ነው። ውዳሴው ይገባዋል፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ጊታሩ አዲስ ነገር ይዞ አልመጣም። ባንክስ የደረሳትን፣ ገብርኤል የነፋትን ዜማ ሦስተኛ ሰው ተቀብሎ አሳደጋት። አድማጩ ሳያውቀው ዜማዋን ቀድሞ ስለተማራት፣ ጊታሩ ሲመጣ የሚሰማው የቆየ ዘመድ ሲገባ የሚሰማ ደስታ ነው። ይህን ቦታ ከፍሉቱ ነጥሎ የሚያደንቅ ሰው ከጨርቁ ላይ ጥለቱን ብቻ ቀዶ ወስዷል።

እዚህ ላይ ሌላ ችግር አለ፤ ተከራካሪዎቹ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ አንድ ሥራ አይደለም። ባንዱ ያንን የፒያኖ መግቢያ በመድረክ ላይ መጫወት ትቶ ነበር፤ በ1977 በወጣው የመድረክ ቅጂ «ሴከንድስ አውት» ላይ ዘፈኑ በቀጥታ በኮሊንስ ድምፅ ይጀምራል። በዚያ አልበም ያደገ ሰውና በስቱዲዮው ሸክላ ያደገ ሰው ስም አንድ ይሁን እንጂ በጆሯቸው ያለው ሌላ ሌላ ነው። መግቢያውን ያልሰማ ሰው፣ በመሐል በሲንተሳይዘር የሚመለሰው ሙዚቃ እንደ እንግዳ ሆኖ ይሰማዋል። ስለዚህ «ሥራው መሐሉ ላይ ይላላል» የሚለው አንዳንድ አድማጭ፣ በሰማው ልክ ልክ ነው።

«ሰፐርስ ሬዲ» («እራት ቀርቧል» እንደማለት ነው) በ1972 «ፎክስትሮት» አልበም ላይ የሸክላውን አንድ ገጽ ከሞላ ጎደል ይዞታል። 23 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ሰባት ክፍሎች አሉት። በሁለት ፍቅረኞች መካከል ቤት ውስጥ ይጀምርና በራእየ ዮሐንስ ምስሎች አልፎ በአዲሲቱ ኢየሩሳሌም ያበቃል። ተቺዎቹ የሚጠቁሙት ጉድለት እውነት አለው። «ዊሎው ፋርም» የተባለው ክፍል የገብርኤል ለብቻው የቆመ ዘፈን ነበር፤ መሐል ላይ ሲገባ ስፌቱ በግልጽ ይታያል። ቀልደኛ ነው፣ ጫጫታ ነው፣ ከፊቱ ካለው ጋር አይዛመድም። ነገር ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ተመልከቱ። ድራሙና ቤዙ በዘጠኝ እየቆጠሩ ሲመቱ፣ ባንክስ ዘጠኙን እንዳልሰማ ሆኖ ኦርጋኑን በራሱ ቁጥር ይጫወታል፤ ሁለቱ አንዴ ይገጥማሉ፣ አንዴ ይለያያሉ፣ ጭንቀቱም እየከረረ ይሄዳል። ሊበጠስ ሲደርስ በሥራው መጀመሪያ ላይ በለሆሳስ የሰማናቸው ዜማዎች በሙሉ ጉልበት ይመለሳሉ። ያ ፌዝ በመሐል ባይገባ ኖሮ ይህ መመለስ እንዲህ ሩቅ አገር ደርሶ የመጣ አይመስልም ነበር ባይ ነኝ።

ይህ ሥራ ሲዘፈን ከተሰማባቸው ቀኖች አንዱ እኛንም ጥቂት ይነካናል። ገብርኤል ከሌሎች ጋር የመሠረተው የዎማድ የሙዚቃ ፌስቲቫል በ1982 ገንዘብ ከስሮ ዕዳ ውስጥ ሲገባ፣ የድሮ ጓደኞቹ ጥቅምት 2 ቀን በሚልተን ኪንስ ዝናብ እየወረደ አብረውት ተጫወቱ፤ ገቢው ለዕዳው ዋለ። ከዚያው ከዎማድ ጋር የተሳሰረው የገብርኤል ሪል ወርልድ ሬከርድስ ነው በ2012 የኢትዮጵያዊውን ፒያኖ ተጫዋች የሳሙኤል ይርጋን «ጉዞ» አልበም ያሳተመው።

ከ1975 በኋላ ያለውን ሁሉ የሚጥሉት ወገኖች የሚሳሳቱት ስፌቱን ሳይሰሙ በመፍረዳቸው ነው። ሃኬት በ1977 ከወጣ በኋላ የቀሩት ሦስቱ፣ ባንክስ፣ ራዘርፎርድና ኮሊንስ፣ ከ1981ዱ «አባካብ» ጀምሮ ዘ ፋርም በተባለው የራሳቸው ስቱዲዮ ተቀምጠው፣ አብረው እየተጫወቱ መፍጠር ያዙ። ስለዚህ ስፌቱ ተለወጠ። አሁን ክፍሎቹን የሚያያይዛቸው ሳይቋረጥ የሚደጋገም ምት ነው፤ የ1983ቱ «ማማ» የሚጀምረውም በድራም ማሽን ነው። በዚያው አልበም ያለው «ሆም ባይ ዘ ሲ» ተከታዩን ክፍል ይዞ ሲሄድ፣ ያለ ዘፋኝ የሚጓዝ ረጅም ሙዚቃ አልፎ መጨረሻ ላይ ወደ ዘፈኑ ይመለሳል። የ«ሰፐርስ ሬዲ» ዘዴ ነው፣ በጠበበ መጠን። የ1986ቱ «ኢንቪዚብል ተች» ደግሞ አምስት ዘፈኖቹ በአሜሪካ እስከ አምስተኛ ደረጃ የወጡለት አልበም ሆኖ ሳለ፣ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚሄደውን «ዶሚኖ»ንም ይዟል። የ«ዶሚኖ» ሁለት ክፍሎች ግን ተቀመጡ እንጂ አልተሰፉም፤ ለዚህ ነው ከ«ሆም ባይ ዘ ሲ» በታች የማስቀምጠው።

እኔ ከተጠየቅሁ «ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» እላለሁ፤ የስቱዲዮውን፣ ከነፒያኖው። «ሰፐርስ ሬዲ» ይገዝፋል፤ በዚህኛው ግን አንዲት ዜማ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ክሩ የትም አይታይም።

ባንዱ መጋቢት 26 ቀን 2022 በለንደን ኦ2 አዳራሽ ለመጨረሻ ጊዜ ሲጫወት ኮሊንስ ቁጭ ብሎ ነበር የዘፈነው፤ ገብርኤል ከተመልካቹ መካከል ነበር። በዚያ የመጨረሻ የኮንሰርት ጉዞ ከ«ፈርዝ ኦቭ ፊፍዝ» የተጫወቱት ያንን የጊታር ክፍል ብቻ ነው። ስንኝ የለም፣ የፒያኖ መግቢያ የለም፤ ሃኬትም ስላልነበረ የተጫወተው የባንዱ የመድረክ ጊታር ተጫዋች ዳሪል ስተርመር ነው። ሲጨርሱ ሳያቋርጡ ወደ «አይ ኖው ዋት አይ ላይክ» ተሻገሩ።