«ተወርዋሪ ኮከብ» እና «ጅራታም ኮከብ» ስለተባሉት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

የሥነ ፈለክ ጽሑፎችን ወደ አማርኛ የሚመልሱ ተርጓሚዎች ሁለት ነባር ስያሜዎችን ያለ ብዙ ማመንታት ይጠቀማሉ። አንደኛው «ተወርዋሪ ኮከብ»፣ ሁለተኛው «ጅራታም ኮከብ» ነው። ሁለቱም ከሕዝብ አንደበት የተወሰዱና ማንም ሰው መዝገበ ቃላት ሳይገልጥ የሚረዳቸው ናቸው። ችግሩ የሚነሣው በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ በተገናኙ ጊዜ ነው። «ተወርዋሪ ኮከብ የሚገኘው ከጅራታም ኮከብ ነው» የሚለውን ለምሳሌ እንውሰድ። አማርኛው እንከን አይወጣለትም። ይሁን እንጂ ጉዳዩን አስቀድሞ የማያውቅ ተማሪ ከዚህ የሚረዳው አንድ ኮከብ ሌላ ኮከብ እንደሚወልድ ነው። ከሁለቱ አንዱም ኮከብ አለመሆኑን የሚነግረው ነገር የለም።

ጥፋቱን በሕዝቡ ንግግር ላይ መጫን ተገቢ ሆኖ አላገኘነውም። በዕለታዊው አማርኛ «ኮከብ» የሚባለው በሌሊት ሰማይ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ ነው፤ ፕላኔቷ ቬነስም «የንጋት ኮከብ» ትባላለች፣ ማንም በዚህ አልተሳሳተም። እንዲያውም በአንድ ረገድ የሕዝቡ አነጋገር ከተርጓሚዎቹ ይልቅ ለሳይንሱ የቀረበ ነው። ሰው ሰማይ ሲያይ «ኮከብ ተወረወረ» ይላል፤ በግሥ ተናግሮ ድርጊቱን ይሰይማል። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አንድ ኮሚሽንም በ2017 (የዘመን ቁጥሮቻችን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣው ፍቺ፣ «ሜትዮር» ማለት ጠጣር አካል ከጠፈር መጥቶ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ከባቢ አየር ሲገባ የሚፈጠረው ብርሃንና ተያያዥ ክስተት እንደሆነ ደንግጓል። ሜትዮር ክስተት እንጂ ዕቃ አይደለም። ግሡን ወደ ስም ለውጦ፣ የሚያዝና የሚቆጠር ነገር ያስመሰለው የትርጉም ሥራ ነው።

ከዚህ የተነሣ «ተወርዋሪ ኮከብ» የሦስት ፅንሰ ሐሳቦችን ሸክም ብቻውን ተሸክሟል። በጠፈር የሚዞረው ቅንጣት፣ ሲነድ የሚታየው ብርሃንና ተርፎ መሬት ላይ የሚወድቀው ድንጋይ በሌሎች ቋንቋዎች ሦስት ስሞች አሏቸው። ሦስቱን የሚያነጻጽር አንድ አንቀጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ተወርዋሪ ኮከብ ተወርዋሪ ኮከብ ይሆናል» ወደሚል ከንቱ ድግግሞሽ ይወርዳል። አንዳንዶች ይህን ለመሸሽ «ሜትዮሮይድ»፣ «ሜትዮር»፣ «ሜትዮራይት» የሚሉትን ውሰት ቃላት እንዳሉ ያስገባሉ። ውሰትን በጅምላ የምንቃወም አይደለንም፤ ነገር ግን መድረሻቸው ላይ ብቻ የሚለያዩ ሦስት ባዕድ ቃላትን በራዲዮ የሚሰማ አድማጭ ለይቶ ይይዛቸዋል ብለን አናምንም። እኛ የምናቀርበው አስተያየት «የጠፈር ጠጠር» ገና ላልገባው አካል፣ «ተወርዋሪ ኮከብ» ለብርሃኑ ብቻ፣ «የሰማይ ድንጋይ» መሬት ላይ ለተገኘው እንዲውል ነው። «ጠፈር» በጥንቱ አገባቡ ከላይ የተዘረጋው ሰማይ መሆኑን የሚያነሡ ሊቃውንት እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ ቃሉ ግን ሰው ወደ ጨረቃ ከተጓዘበት ዘመን ወዲህ አዲሱን ትርጉሙን ይዞ ስለሰነበተ ወደ ኋላ መመለሱ አይሆንም።

ወደ «ጅራታም ኮከብ» ስንመጣ ጉዳዩ ይጠልቃል። ግሪኮች ይህን አካል የሰየሙት በጠጉር ነው፤ «ኮሜት» ጠጉራም እንደማለት ነው። አማርኛው ከጠጉር ይልቅ ጅራትን መረጠ። ጅራት ደግሞ በአማርኛ ሁልጊዜ ከኋላ ይከተላል። ስለዚህ ተርጓሚዎች «ጅራቱን እየጎተተ ይጓዛል» ብለው ሲጽፉ ቋንቋው ራሱ እየመራቸው ነው። ጴጥሮስ አፒያን በ1531 በሃሌይ ኮሜት ላይ እንዳስተዋለው ግን ጅራቱ ምንጊዜም ከፀሐይ በተቃራኒ ወገን ይዘረጋል፤ አካሉ ከፀሐይ ሲርቅ ጅራቱ ይቀድማል። ስያሜውን ለመለወጥ ጊዜው አልፏል፣ አያስፈልግምም። «እየጎተተ» የሚለው ግሥ ግን ከትርጉም ሥራዎች መውጣት አለበት።

የጠጉሩ ነገር በሌላ በኩል ይጠቅመናል። በአካሉ መካከል ያለው ጠጣር ክፍል «አስኳል» መባሉ ሠናይ ነው። አስኳሉን ከብቦ የሚያበራው የጋዝና የአቧራ ሉል ግን ብዙ ጊዜ «ኮማ» ተብሎ ይቀራል፤ አንባቢው የሐኪሙን ኮማ ወይስ የሥርዓተ ነጥቡን ኮማ ይሁን ሲያሰላስል አንቀጹ ያልፈዋል። የግሪኩ ሥር ጠጉር ከሆነ አማርኛ ከዚያ የተሻለ ቃል አለው፤ እርሱም «ጎፈሬ» ነው። ራስን ዙሪያውን ከብቦ የሚቆም ጠጉር ማለት ስለሆነ ቅርጹም ምንጩም ይገጥማል። ስለ አስኳሉም አንድ ነገር እናክል። ፍሬድ ዊፕል በ1950 ያቀረበው፣ የጆቶ መንኰራኩርም በ1986 የሃሌይን አስኳል ፎቶግራፍ አንሥታ ያጠናከረችው ሐሳብ «ቆሻሻ የበረዶ ኳስ» ተብሎ ቃል በቃል ይተረጐማል። በረዶ ጠቅልሎ የመወራወር ጨዋታ ለማያውቅ አንባቢ ይህ ባዶ ነው፤ ደግሞም የሃሌይ አስኳል ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። «በአፈር የተለወሰ የበረዶ ቋጥኝ» ብንል ይሻላል።

ይህ ቋጥኝ ከየት ይመጣል? የሆላንዱ ያን ኦርት በ1950 የ19 ረዥም ዘመን ኮሜቶችን ምሕዋር መርምሮ፣ ከፕላኔቶች እጅግ ርቆ ፀሐይን ከየአቅጣጫው የከበበ የኮሜቶች ክምችት መኖር አለበት ብሎ ደመደመ። እስከ ዛሬ በዓይን ያየው የለም። ስሙ «የኦርት ደመና» ተብሎ ተተርጉሟል። እዚህ ላይ ተቃውሞአችን ብርቱ ነው። የአማርኛ ደመና ዝናብ ያዘለ፣ ጥቅጥቅ ያለና የሚጋርድ ነገር ነው፤ አካላቱ በረዶ ናቸው ሲባል ደግሞ ስሕተቱ እውነት ይመስላል። የኦርት አካላት ግን እርስ በርሳቸው እጅግ የተራራቁ ናቸው። «የኦርት መንጋ» ብንለው፣ አንድ አካል ከመንጋው ተነጥሎ ወደ ፀሐይ ወረደ ለማለትም ይመቻል። ከኔፕቱን ባሻገር ያለው፣ ብዙዎቹ የአጭር ዘመን ኮሜቶች የሚመጡበት አካባቢ «የካይፐር ቀበቶ» መባሉን እንቀበላለን።

ከኮሜቱ ወደ ተወርዋሪው የሚያሻግረውን መንገድ ያሳየው ጣሊያናዊው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ ነው። በ1866 በየዓመቱ ነሐሴ 6 እና 7 ገደማ የሚታዩት ተወርዋሪዎች በ1862 ከታየው የስዊፍት-ተትል ኮሜት ጋር አንድ ምሕዋር እንዳላቸው አረጋገጠ። ኮሜቱ ያራገፈውን ቅንጣት መሬት በየዓመቱ ታቋርጠዋለች ማለት ነው። ይህን ክስተት «የከዋክብት ዝናብ» ማለት ይዘወተራል፤ በአብዛኞቹ ሌሊቶች ግን በሰዓት የሚታዩት ጥቂት ወይም በአሥር የሚቆጠሩ ስለሆኑ ከዝናብ ይልቅ «ካፊያ» ይስማማቸዋል። ዝናብ የሚለውን እንደ 1833ቱ የኅዳር ሌሊት ላለው፣ በእውነት ለሚያስደነግጠው እናቆየው። ስለ ነሐሴውም ተርጓሚዎች «በዓመቱ ለመመልከት እጅግ የተመቸው» የሚለውን ሳይመረምሩ ይገለብጣሉ። ይህ ለአውሮፓ በጋ የተጻፈ ነው፤ በእኛ ደጋ ነሐሴ ክረምት ስለሆነ ሰማዩ ተሸፍኖ ያድራል።

የካፊያዎቹ ስሞች ከኅብረ ከዋክብት የተወሰዱ ናቸው። «ሊዮኒድስ»፣ «ጀሚኒድስ» እያሉ ከመጻፍ በሐሳበ ከዋክብት መጻሕፍታችን የኖሩት ስሞች ለምን አይነሡም? ኅዳር 8 ገደማ የሚታየው «የአሰድ ካፊያ»፣ ታኅሣሥ 5 ገደማ የሚታየው «የገውዝ ካፊያ»፣ ሚያዝያ 28 ገደማ የሚታየው የሃሌይ ትራፊ «የደለዊ ካፊያ» ሊባሉ ይችላሉ። እነዚህ ስሞች የኮከብ ቆጠራ ሽታ አላቸው የሚለው ስጋት አያሳምነንም፤ የአውሮፓ ሥነ ፈለክም በዚያው ቆጠራ ስሞች ይሠራል። በዚያ ዝርዝር ለሌለው ፐርሴየስ ግን ውሰቱን መያዝ ግድ ነው።

ስለ ገውዝ ካፊያ አንድ ማሳሰቢያ ይቀረናል። ወላጁ በ1983 የተገኘው ፋኤቶን ሲሆን፣ እርሱም አለታማ አስትሮይድ እንጂ እንደ ሌሎቹ የበረዶ ቋጥኝ ሆኖ አልተገኘም። በመግቢያችን የወሰድነው ዓረፍተ ነገር እንግዲህ ቃላቱ ቢታረሙም ለሁሉም አይሠራም፤ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም በ«ተወርዋሪ ኮከብ» ፍቺ ውስጥ «ከጅራታም ኮከብ የሚመነጭ» የሚል ሐረግ እንዳያስገቡ እንጠይቃለን።