«ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

ኦብሴሲቭ ኮምፐልሲቭ ዲስኦርደር፣ በአጭሩ ኦ.ሲ.ዲ.፣ ያለበት ሰው ከፈቃዱ ውጪ በሚመላለሱ ሐሳቦች ይጨነቃል፤ ጭንቀቱን ለማብረድም እጁን ደጋግሞ ይታጠባል፤ በሩን ደጋግሞ ይፈትሻል። የእነዚህ ሕሙማን እንቅልፍ ለአርባ ዓመታት ያህል ተጠንቷል። ሆኖም ቀደምቶቹ ጥናቶች ያተኮሩት በእንቅልፉ መጠንና ይዘት ላይ እንጂ በጊዜው ላይ አልነበረም።

ኢንሴልና ባልደረቦቹ በ1982 እ.ኤ.አ. 14 ሕሙማንን መርምረው እንቅልፋቸው አጭር እንደሆነና የሕልም እንቅልፍ ቶሎ እንደሚጀምራቸው ገለጹ። ይህ በድብርት ሕመም የሚታይ ምልክት ነው። ሆሃገንና ባልደረቦቹ በ1994 እ.ኤ.አ. የሕልም እንቅልፉን መፍጠን አላገኙም። ስለሆነም የመጀመሪያው ግኝት አብሮ ከሚከሰተው ድብርት የመጣ ሊሆን ይችላል።

በዚያው ዓመት ሞንቴሌዮኔና ባልደረቦቹ መድኃኒት በማይወስዱ ሕሙማን ደም ውስጥ ያሉትን ሜላቶኒንና ኮርቲሶል ለ24 ሰዓት ተከታተሉ። ሜላቶኒን ቀንሶ፣ ኮርቲሶል ጨምሮ ቢገኝም የሁለቱም ዕለታዊ ዑደት አልጠፋም። ይህንን «የሰውነት ሰዓት ተበላሽቷል» ብሎ መተርጎም ከማስረጃው በላይ መሄድ ነው፤ የሆርሞን መጠን መለወጥ ብቻውን የሰዓት መዛባት አይደለምና።

በ2007 እና በ2008 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተኝተው በሚታከሙ ጽኑ ሕሙማን ላይ የወጡ ጥናቶች ጊዜውን ራሱን በማየታቸው አንድ እርምጃ ተራምደዋል፤ ከሕሙማኑ የተወሰኑት እጅግ አምሽተው ተኝተው አርፍደው እንደሚነሡ አሳይተዋል። ያልተመለሰው ጥያቄ መንስኤው ነው። ቁልፍ ሲፈትሽ እኩለ ሌሊት የሚያልፍበት ሰው የሰውነቱ ሰዓት ጤነኛ ቢሆንም አምሽቶ ይተኛል። በበራ መብራት ሥር መቆየቱ ደግሞ ሰዓቱን በእርግጥ ሊያዘገየው ይችላል። ሁለቱን ለመለየት ሜላቶኒን በደብዛዛ ብርሃን መመንጨት የሚጀምርበትን ሰዓት መለካትና ሕመምተኛው መፈተሽ ወይም መታጠብ ከሚጀምርበት ሰዓት ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ልዩነቱ ለሕክምና ትርጉም አለው። የዘገየው የሰውነት ሰዓት ከሆነ የጠዋት ብርሃንና ቋሚ የመነሻ ሰዓት ይታሰባሉ፤ ያዘገየው ድርጊቱ ከሆነ ግን ሕመምተኛው የሚፈራውን እየተጋፈጠ ድርጊቱን እንዲተው የሚያለማምደው የሥነ ልቦና ሕክምና ይቀድማል።

ለዚህ የሚረዳው የመጀመሪያ መሣሪያ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በአማርኛ «ስንት ሰዓት ይተኛሉ?» ሲባል ስለ ርዝመትም ስለ ጊዜም ሊሆን ይችላል። «ስምንት ሰዓት» የሚለው መልስም ወይ ሙሉ እንቅልፍ ነው፣ ወይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ጤና፣ ሁለተኛው ምናልባት ሕመም ነው። ስለዚህ ባለሙያው መቼ እንደሚተኙ፣ መቼ እንደሚነሡና ከመተኛታቸው በፊት ምን ሲያደርጉ እንደሚያመሹ ለየብቻ ጠይቆ ይመዝግብ።