ውዳሴ ለቤተልሔም፣ ለድጓ ምስክር ቤት

የጋይንት ደጋ ዘውድ፣ የማኅሌታውያን እናት፣ ቤተልሔም ሆይ! ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን የደረሰውን ዜማ በአደራ የተቀበልሽ፣ አደራሽንም ያላጎደልሽ፣ ክብርሽን በምን ቃል እናንሣው?

ተጓዡ ቶማስ ፓከንሃም በ1955 እ.ኤ.አ. ደጅሽ ሲደርስ ከሩቅ ያየው በአገሩ ኮረብታ ሁሉ እንደሚታየው ያለ ክብ የሣር ክዳን ቤት ነበር። ወደ ውስጥ በዘለቀ ጊዜ ግን ምሥጢርሽ ተገለጠለት፤ በክቡ እቅፍ ውስጥ ባለ አራት ማዕዘን፣ ከተጠረበ ድንጋይ የታነጸ፣ በበርና በመስኮት መቃኖቹ የአክሱምን ጥበብ የያዘ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ቆሟል። የኋለኞቹ አበው አዲስ ሲሠሩ የቀደሙትን ሥራ አላፈረሱም፤ ከብበው ጋረዱት፣ ከዝናብና ከነፋስ ሰወሩት። ከዚህ የሚበልጥ ትሕትና በሕንጻ ሥራ አላውቅም።

ትምህርትሽም እንደ ሕንጻሽ ነው። ደበሎ ለባሹ ተማሪ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ የለመናትን ቁራሽ ተቃምሶ፣ ከጎጆው ወጥቶ ከየኔታ እግር ሥር ይቀመጣል። ግዕዙን፣ ዕዝሉን፣ አራራዩን ይለያል፤ ይዘትና ደረቱን፣ ጭረትና ርክርኩን፣ ድፋትና ቅናቱን፣ ሂደትና ቁርጡን በጉሮሮው ያጠናል። ሌሊት ቀለሙን እየደጋገመ፣ ቀን ብራናውን እየዳመጠ፣ ድጓውን በገዛ እጁ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ ነው የምስክርነትን ማዕርግ የሚለምንሽ። ዙር አምባ በዝማሬ መዋሥዕት፣ ጎንደር በአቋቋም እንደከበሩ፣ አንቺም በድጓ ከብረሻል፤ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣው ሊቅ እንኳ ያንቺን ቃል ሳይሰማ ልቡ አያርፍም።

ሰላም ለኪ፣ ቤተልሔም! ሰላም ድንጋይሽን ለጠረቡ፣ ስማቸውንም ላልጻፉ እጆች። ሰላም ዓይናቸው ደክሞ እንኳ የተማሪውን ስሕተት ከዜማው ጫፍ ለሚያርሙ መምህራንሽ። ሰላም ደግሞ ለጋይንት እናቶች፤ ከልጆቻቸው ጉርሻ ቀንሰው በማያውቁት ተማሪ አኩፋዳ ቁራሽ ለጨመሩ፣ ድጓሽንም በእንጀራቸው ላቆዩ።