በመጽሐፈ መክብብ ከንቱ ስለሚለው ቃል

መጽሐፈ መክብብን የሚያነብ ሰው ሁሉ ገና ከ1ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ከንቱ የሚለው ቃል ይገጥመዋል። ይህንም ቃል ብዙዎች ሰባክያን ከመቃብር አፋፍ ቆመው ለሐዘንተኛ ይናገሩታል። ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ አርሶ ልጆቹን ያሳደገውን ገበሬ፥ ሚስቱና ልጆቹ እየሰሙ፥ ድካምህ ሁሉ ብላሽ ነበረ ብሎ መሸኘት ማጽናናት ነውን? የሰሎሞንስ አሳብ ይህ ነውን? እኔ አይደለም ብዬ አምናለሁና ምክንያቱን ለሊቃውንትና ለታላላቆች ወገኖች ላቀርብ ወደድሁ።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ መመለስ ነው። በዕብራይስጥ የተጻፈው ሄቤል የሚል ነው፤ ትርጓሜውም እስትንፋስ፥ እንፋሎት፥ ጉም ማለት ነው። ወደ ጽርዕ በተመለሰ ጊዜ ግን ማታዮቴስ ተባለ፤ ይህም ከንቱነት ማለት ነው። የግዕዙም መጽሐፍ ከጽርዕ የተመለሰ ስለ ሆነ ከንቱ ብሎ ተቀበለው። ሄሮኒሞስ በመክብብ ላይ በጻፈው ትርጓሜ፥ አቂላና ሌሎች ተርጓሚዎች እንፋሎት ብለው እንደ መለሱት ያስታውሳል። የግዕዙን ተርጓሚ ስለዚህ አልነቅፈውም፤ ያገኘውን በታማኝነት መልሷል። የምነቅፈው፥ አንድም እያልን ለሌላው ቃል ሁሉ ሁለትና ሦስት ትርጓሜ ስናወጣ በዚህ በታላቁ ቃል ላይ ባንዱ ብቻ መቆማችንን ነው።

በጉምና በብላሽ መካከል ያለው ልዩነት ጥቂት አይደለም፤ ወደ ሐሮ ወንጪ የወጣ ሰው በዓይኑ ያየዋል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ስፍራው በአምቦና በወሊሶ መካከል ነው፤ ጫፉ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍ ባለ ተራራ ውስጥ፥ ጥንት እሳት ይወጣበት በነበረ ጕድጓድ፥ ውኃው ተኝቶበታል። ጉም ከሐይቁ ላይ በተነሣ ጊዜ ደሴቱንና በደሴቱ ያለውን የቅዱስ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ከዓይን ይሰውራል፤ ፀሐይ በበረታ ጊዜ ደግሞ ይጠፋል። ማንም ጨብጦ በጎተራ ሊያስቀረው አይችልም። ነገር ግን የዳገቱን ገብስና እንሰት የሚያረጥበው ያው ጉም ነውና፥ አይጨበጥም ማለትና አይረባም ማለት አንድ ነገር አይደለም። ያዕቆብም በመልእክቱ በ4ኛው ምዕራፍ ሕይወታችንን በእንፋሎት ሲመስል፥ ሥራችሁን በእግዚአብሔር ፈቃድ ላይ አኑሩት አለ እንጂ ሥራችሁን ተዉ አላለም።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ ነው የሚል ቢኖር መጽሐፉን ራሱን ይመልከት። ድካም ሁሉ ብላሽ ከሆነ፥ ሰሎሞን በ9ኛው ምዕራፍ በ10ኛው ቁጥር ሰው ያገኘውን ሥራ በኃይሉ ሁሉ እንዲሠራ ስለ ምን ያዛል? በ11ኛው ምዕራፍስ ጧትና ማታ ከመዝራት እንዳይቦዝን ስለ ምን ይመክራል? እኔ እንደሚታየኝ የመጽሐፉ ምሥጢር ያለው ትርፍና ዕድል ፈንታ በሚሉት በሁለቱ ቃላት መካከል ነው። ጠቢቡ በመጀመሪያ የሚፈልገው ትርፍ ነው፤ ይኸውም ነጋዴ ሒሳቡን ከዘጋ በኋላ በእጁ የሚቀረው ነው። ፈልጎም አጣ። በ3ኛውና በ5ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ግን ሰው በሥራው ደስ እንዲለው ከእግዚአብሔር የተሰጠው ዕድል ፈንታ እንዳለ ይነግረናል።

የመኳንንት ወገን ይህን ከአባቶቹ ታሪክ ያውቀዋል። ርስት ከአባት ለልጅ የሚያልፍ ነበረ፤ ማደሪያ ግን አገልጋይ እስካገለገለ ድረስ የሚበላው ነበረ። እኛ ሕይወትን እንደ ርስት ስንይዛት መጽሐፉ ማደሪያ ናት ይለናል። ርስት የተባለውም ቢሆን በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠሩ መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ባንድ ቀን ቀረ።

በ2ኛው ምዕራፍ ድካሙን ለሌላ ትቶ ስለሚሄድ ሰው የተነገረውን ለማስረዳትም ሩቅ አገር መሄድ አያሻም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ፥ አባ መላ፥ ከወንጪ በማይርቀው በጨቦ ምድር ተወልደው፥ በልጅነታቸው ተማርከው፥ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከፍ ከፍ ብለው በ1900 ዓ.ም. የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ ግን ያ ሁሉ ሠራዊትና መሬት በአልጋ ወራሹ በራስ ተፈሪ መኰንን እጅ ገባ። የፍርዳቸውን ብልሃት ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል። እንግዲህ ትርፉ ስም ነዋ የሚል ይነሣ ይሆናል። ይህን መልስ መክብብ አይቀበለውም፤ የፊተኞች መታሰቢያ እንደማይቀር በ1ኛውም በ9ኛውም ምዕራፍ አስቀድሞ ተናግሯልና። ስማቸው እንዲጠራ ብቻ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠሩ፥ ለተዝካር ከአቅም በላይ ደግሰው ወራሾቻቸውን በዕዳ የሚያስገቡ ሰዎች ይህን ደጋግመው ቢያነቡ መልካም ነበረ። የፊታውራሪ ፍርድ መልካም የሆነው በተፈረደበት ቀን ለተበደለው ሰው እውነት ስለ ሆነለት ነው፤ እኛ ብንረሳውም ያ ቀን አይሻርም።

አሁን ወደ ደሴቱ እንመለስ። ታቦቱ የተሰየመበት ቅዱስ ቂርቆስ የ3 ዓመት ሕፃን ነበረ። ቤት አልሠራም፥ ወይን አልተከለም፥ ልጅ አልወለደም፤ በትርፍ ሚዛን ቢመዘን ምንም አይገኝለትም። ቤተ ክርስቲያን ግን ሐምሌ 19 ቀን ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ከፈላው ውኃ የዳነበትን፥ ጥር 15 ቀንም ሰማዕትነቱን ታከብራለች። ዕድል ፈንታው ሦስት ዓመት ነበረች፥ እርስዋኑ ሰጠ።

ዕብራይስጥ ለሚያውቅ ሰው ሌላም ነገር አለ። የአቤል ስም ያው ሄቤል የሚለው ቃል ነው። ቃየል ልጅ ወለደ፥ ከተማም ሠራ፤ አቤል እንደ ስሙ ጉም ሆኖ አለፈ፤ መሥዋዕቱ የተወደደለት ግን እርሱ ነው። ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት በ11ኛው ምዕራፍም ከሞተ በኋላ የሚናገር ሆኖ ይገኛል። እርግጥ ነው፥ ይህ ተስፋ በመክብብ ውስጥ ተገልጦ አይገኝም፤ እኛ ከሐዋርያው ቃል የምናመጣው ነው። መጽሐፉን ያላለውን አለ ማሰኘት አይገባም፤ ኀዘኑንም በችኰላ ልንጠርግለት አይገባም።

ስለዚህ መጽሐፈ ግንዘት ተነቦ ሰባኪ በተነሣ ጊዜ፥ ከንቱ የሚለውን ቃል ይተው አልልም፤ የመጽሐፍ ቃል ነውና። ነገር ግን አንድም ጉም ብሎ ይተርጕመው። ከዚያም ሟቹን በስሙ ጠርቶ፥ ያረሰውን እርሻ፥ ያስታረቃቸውን ጠበኞች፥ ያሳደገውን የሙት ልጅ፥ ልጆቹ እየሰሙ አንድ በአንድ ይንገር።