ብራ ሆነ፣ ጭሮ ላይ

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሽቅብ ስንወጣ ሾፌሩ ፍላሹን ሰካ። ክራር መሰለኝ፤ ለካ ዑድ ነው። ከዚያ ድምፁ መጣ፤ አይጮህም፣ አይለማመጥም፣ ብቻ ልብን ይዞ ቁጭ ይላል!

ዓሊ ቢራ ነው። ስሙን የማያውቅ የለም፤ በየሰርጉ ጨፍሬበታለሁ። ጆሮዬን ሰጥቼ ያዳመጥኩት ግን ያን ቀን ነው። ጭሮ (ሽማግሌዎቹ ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይሏታል) ቁርስ ልንበላ ስንወርድ ሻይ ቤቱም እርሱን ይዞ ጠበቀን። አስተናጋጇ ብርጭቆ እያነሳች አብራው ታዜማለች። እኔ ኦሮምኛ አልችልምና ምን እንደሚል ጠየቅኋት።

«ናፍቆት ነው፤ ሌላው በአማርኛ አይወጣም» አለችኝ።

ሂርና ስንደርስም እርሱ ነው።

ኧረ ታሪኩን ስሙልኝ! የድሬዳዋ ልጅ ነው። ገና በ13 ዓመቱ አፍረን ቀሎ የተባለውን የሙዚቃ ቡድን ተቀላቀለ፤ በኦሮምኛ መዝፈን በሚያስጠረጥርበት ዘመን። ቡድኑ ተበተነ፤ ልጁም እስር ቤትን አየ። መጀመሪያ የዘፈነው «ብራ ዳ ባሪኤ» መጠሪያው ሆኖ ቀረ። እንደ መጠጡ «ቢራ» እያልን ብንጠራውም ስሙ የወቅት ስም ነው፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ እኛስ በአማርኛ «ብራ ሆነ» እንል የለ! ይህን ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ከዚያ የክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል። በ1971 እ.ኤ.አ. በኦሮምኛ የመጀመሪያው እንደሆነ የሚነገርለት አልበም። ከዚያ ስደት፦ ስዊድን፣ በኋላም ካናዳ፣ ቶሮንቶ። የዚያ አገር በረዶ ድምፁን ቅንጣት አላቀዘቀዘውም! በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በዓረብኛ፣ በስዋሂሊ ዘፍኗል፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ጅማ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። እኔን ግን ከሁሉ የገደለኝ ዝምታው ነው። ስንኙን ጨርሶ ትንፋሹን ሲሰበስብ ዑዱ ቀስ ብሎ ይመልስለታል፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጥላ ስር ተቀምጠው የሚጨዋወቱ ነው የሚመስለው።

ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ላይ አረፈ። በሕይወት ሳለ መድረክ ላይ ሳላየው መቅረቴ ያንገበግበኛል።

በመልስ ጉዞዬ ጭሮ መናኸሪያ አጠገብ ካለ ሞባይል ቤት ገብቼ ስልኬን ዘረጋሁ።

«የድሮውን ነው አዲሱን የምጭንልህ?» አለኝ ልጁ።

«ያለህን ሁሉ!»