ማን በላው? የምግብ ቤት ጣረ ሞትና የክስ ጥያቄ

በስደት የምንጽፍና የምናነብ ኢትዮጵያውያን ሥነ ጽሑፍን የምንመዝንበት ሚዛን ከባድ ነው። ድርሰት ስለ አገር መከራ፣ ስለ አብዮቱ ደም ወይም ስለ ናፍቆት ካልተናገረ ቁም ነገር ያለው አይመስለንም። ስለዚህም በካሊፎርኒያ የመጻሕፍት መደብሮች ሞልቶ የሚታየውን አንድ የድርሰት ዓይነት ገልጠን ሳናይ እናልፈዋለን፤ ይኸውም ጣረ ሞት የሚመላለስበት፣ ግድያ ተፈጽሞም ደሙ የማይታይበት፣ መርማሪውም ፖሊስ ሳይሆን ባለሱቅ ወይም ወጥ ሠሪ የሆነበት፣ ፈገግ የሚያሰኝ የምሥጢር ልብ ወለድ ነው። ይህ ንቀት የጎዳው ራሳችንን እንደ ሆነ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እሞክራለሁ። ምክንያቱም ቀላል የሚባለው የመንፈስ ታሪክ አንድ ከባድ ጥያቄ ተሸክሟል፤ መንፈስ የተናገረው ቃል ሰውን ለመወንጀል ይበቃል ወይ?

ከምግብ ቤት እንጀምር። ከሳን ፍራንሲስኮ በስተ ደቡብ፣ በውቅያኖሱ ገደል አፋፍ፣ ሞስ ቢች ዲስቲለሪ የተባለው ምግብ ቤት እ.ኤ.አ. በ1927 ተሠራ። ዘመኑ በአሜሪካ የአልኮል መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ነበርና፣ ቤቱ ከባሕር በድብቅ የሚገባ መጠጥ ይቀርብበት ነበር። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ሰማያዊ ቀሚስ የምትለብስ አንዲት ባለትዳር ሴት ከቤቱ ፒያኖ ተጫዋች ጋር በፍቅር ወድቃ ስትመላለስ በባሕሩ ዳርቻ ተገደለች፤ ከዚያ ወዲህም «ሰማያዊቷ እመቤት» እየተባለች በቤቱ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ2008 መናፍስትን እናሳድዳለን የሚሉ የቴሌቪዥን መርማሪዎች ቤቱን ሲፈትሹ ያገኙት ግን የተደበቀ ድምፅ ማጉያ፣ በመሣሪያ የሚወዛወዝ መብራትና በሴቶች መታጠቢያ ቤት መስተዋት ውስጥ ብቅ የሚል ፊት ነበር። የዘዴው መጋለጥ አፈ ታሪኩን አልገደለውም። እንግዳው ለመሣቅ የመጣ ነውና ማንም ተታለልሁ ብሎ የሚያዝን አይመስለኝም። እኔም ሣቁን አልነቅፍም፤ የምታዘበው ስሟ በውል ያልታወቀ ሴት ሞት ከምግቡ ዝርዝር ጋር አብሮ መቅረቡን ነው። እዚህ መንፈሱ ማንንም አልከሰሰም፤ ማንም ግን ስለ እርሷ አልጠየቀም።

በሳን ሆዜ ከተማ የሚገኘው የዊንቸስተር ቤት ደግሞ የባሰውን ያሳያል። የጠመንጃ ፋብሪካ ሀብት የወረሰችው ሣራ ዊንቸስተር ልጇንና ባሏን ከቀበረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1886 የገዛችውን የገበሬ ቤት ለብዙ ዓመታት ስታስፋፋው ኖረች፤ ቤቱም ወደ 160 ክፍሎች ያሉት ሆነ። በጠመንጃው ያለቁት ሰዎች መናፍስት ቢያሳድዷት ነው የምትገነባው ተባለ። በሞተች በዓመቱ ቤቱ ለጎብኚ ተከፈተ። ሜሪ ጆ ኢግኖፎ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመችው የሕይወት ታሪክ ግን ይህ ወሬ በማስረጃ የማይደገፍ መሆኑን አሳይታለች። ሴትየዋ ባለጸጋ ነበረች፤ ሰው አታስጠጋም ነበር። ለመወራት ይህ በቃ።

ከእነዚህ አፈ ታሪኮች የተሻለውን መንገድ ያገኘሁት ጁልየት ብላክዌል እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመችው «ሰከንድሃንድ ስፒሪትስ» በተባለው ልብ ወለድ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሊሊ አይቮሪ በሳን ፍራንሲስኮ ያለፈ ዘመን ልብስ የምትሸጥ አስማተኛ ናት፤ ቀሚሱን በመዳሰስ ብቻ የቀድሞ ባለቤቱን ስሜት ታውቃለች። ረዳቷ አሳማ መስሎ የሚኖር መንፈስ ነው፤ በእኛ ቤት ቢሆን መንፈስነቱ ሳይሆን አሳማነቱ ከደጅ ያስመልሰው ነበር። ቁም ነገሩ ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሊሊ በዚሁ ተሰጥዎዋ ምክንያት ከትውልድ መንደሯ የተሰደደች ናት፤ ተከሳሽ የነበረችው መርማሪ ሆናለች። ሁለተኛ፣ ከልብሱ የምታገኘው ጥቆማ እንጂ ፍርድ አይደለም፤ ወንጀለኛውን ለማግኘት እንደ ማንኛውም ሰው መሄድ፣ መጠየቅና መሳሳት አለባት። እርግጥ ነው፣ ድርሰቱ ጉድለት አለው፤ በመጨረሻው ገጽ ሁሉም ነገር በቦታው ይመለሳል፤ የእውነተኛ ሐዘን መጨረሻ ግን እንዲህ አይደለም። ይሁን እንጂ ሣቁን ንጹሕ ያደረገው ይህ ሕግ ነው፤ መንፈስ ይጠቁማል፣ ሰው ያረጋግጣል።

አሁን ወደ ኦክላንድ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደሚገኙበት ወደ ቴሌግራፍ ጎዳና እንሻገር። እጣኑ፣ ቄጤማው፣ ክዳን ያለው መሶብ ለአሜሪካዊው እንግዳ ጌጥ ነው። እኛ ግን መሶብ የሚከደነው ከዝንብ ብቻ ሳይሆን ከዓይንም እንደ ሆነ እናውቃለን፤ በግብር ላይ ንጉሡ ሲበሉ መጋረጃ ይጋረድ እንደ ነበርም አንዘነጋም። ቶም ቦይልስተን በጣና ዳር ስላለው ስለ ዘጌ ሕዝብ አጥንቶ፣ «በድግሱ ላይ የተገኘው እንግዳ» ሊባል በሚችል ርእስ እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መጽሐፍ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው፤ ያሳተመውም መቀመጫውን ኦክላንድ ያደረገው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መሆኑ ደስ የሚል ግጥምጥም ነው።

ቡዳ በላው የተባለ ሰው በጭስ ይታጠናል፤ ከዚያም ይለፈልፋል። «ማን ነህ? የት አገኘኸው? ምን ሲበላ በላኸው?» እየተባለ ይጠየቃል፤ በእርሱ አንደበት ሌላ ሰው ይናዘዛል። ይህ የተሟላ የምርመራ ታሪክ ይመስላል፤ ተጎጂ አለ፣ ጥያቄ አለ፣ የእምነት ቃል አለ። የጎደለው አንድ ነገር ማስረጃ ነው። ስሙ የተጠራው ሰው በቦታው ቆሞ አይመልስም። የሚጠራውስ የማን ስም ነው? ብዙውን ጊዜ የአንጥረኛው፣ የቆዳ ፋቂው፣ የሸክላ ሠሪዋ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ልማዱ ሥር የሰደደ ስለ ነበር ነው። ምጣዳችንን፣ ድስታችንንና ጀበናችንን በእጇ ሠርታ ያበላችን ሴት በላችን ተባለች።

የእኛ ትውልድ ተምሯልና በቡዳ አያምንም ይባል ይሆናል። ነገር ግን በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በየቀበሌው በማጋለጥ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ማስለፍለፍ ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ስም ተጠራ፤ የስሙ መጠራት ራሱ ማስረጃ ሆነ። ከባሕር ማዶ ስንሻገርም ልማዱ አብሮን ተሻገረ። ይህ ምግብ ቤት የእነ እገሌ ነው፣ ያኛው የሰላዮች መናኸሪያ ነው ይባላል፤ ባለቤቷ ሳትጠየቅ ደንበኛው ይሸሻል። ጭሱ ቀርቷል፤ ልፍለፋው አለ።

ስለዚህ ከደራሲዎቻችን የምጠብቀው ቀላል የሚመስል መጽሐፍ ነው። በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አንድ ደንበኛ ጥብሱን ሳይጨርስ ይውደቅ። ታላላቆቹ «ተበላ» ይበሉ፤ ጣትም ከሸክላ ሠሪ ቤተ ሰብ ወደምትወለደው ወጥ ሠሪ ይቀሰር። ሌሊት ሌሊት የሚመጣው ጣረ ሞትም በረካው ሳይፈላ አልሄድም የሚል፣ እንጀራው ውስጥ ስንዴ ገብቷል እያለ የሚነጫነጭ ሽማግሌ ይሁን። እርሱ ፍንጭ ይስጥ፤ ባለቤቷ ግን ደረሰኙን ታገላብጥ፣ ጓዳውን ትፈትሽ፣ ሰውን ትጠይቅ፤ በመጨረሻም ስሟ የጠፋው ወጥ ሠሪ በሁሉ ፊት ነጻ ትውጣ። አንባቢው ይሣቅ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ በአማርኛ ሲወጣ፣ ሐያስያን ቀልድ ነው ብለን ሳናልፈው፣ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ እንደ ማንኛውም ከባድ ድርሰት ልንመዝነው ይገባል።