የማካሪዮ ግማሽ ድርሻ፤ ስለ ሜክሲኮው ተዋናይ ስለ ኢግናሲዮ ሎፔዝ ታርሶ

ስለ ተዋናይ ሂስ መጻፍ ጊዜ ማጥፋት ነው የሚሉ ጓደኞች አሉን። ድርሰቱ የደራሲው፣ ፊልሙ የዲሬክተሩ፣ ተዋናዩ ግን ያው የተከራየ አፍ ነው ይላሉ። የሚሉት ነገር ግማሹ እውነት ነው። ተዋናይ የተጻፈለትን ይናገራል፤ ቁም ባሉት ቦታ ይቆማል። ቢሆንም አንድ ሰው ሰባ ዓመት ያህል በአንድ አገር የቴያትር መድረክ፣ የሲኒማ መጋረጃና የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሲመላለስ፣ ያ አገር ምን ሲነገር ደስ እንደሚለውና ምን ሲነገር እንደሚቆጣ ከዚያ ሰው ፊት ላይ ማንበብ ይቻላል ብለን እናምናለን። ስለ ኢግናሲዮ ሎፔዝ ታርሶ የምንጽፈውም ለዚህ ነው። (ሜክሲኮን እኛ የምናውቃት ባደባባይዋ ነው። ጣሊያን አገራችንን ሲይዝ ይዞታውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት መንግሥታት አንዱ የሷ ስለነበረ አደባባዩ በስሟ ተጠራ። ፊልሟን ግን እምብዛም አናውቅም።) ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውዬው በጥር 1925 በሜክሲኮ ከተማ ተወለደ። የተወለደበት ስም ኢግናሲዮ ሎፔዝ ሎፔዝ ነው። አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ስለነበሩ ቤተሰቡ ከከተማ ከተማ ሲዘዋወር አደገ። ለትምህርት የሚከፈል ገንዘብ ስላልነበረ የካህናት ማሠልጠኛ ገባ፤ ቅስናው ግን አልሆነም። ከዚያ ወታደርነት፣ ከዚያ ትንሽ ንግድ፣ በኋላም እንደ ብዙዎቹ የዘመኑ ወጣቶች ድንበር ተሻግሮ በካሊፎርኒያ የእርሻ ቀን ሠራተኛ ሆነ። እዚያ ብርቱካን ሲለቅም ከዛፍ ወድቆ አከርካሪውን ተጎዳ፤ በጀሶ ታስሮ ለብዙ ጊዜ ተኛ። ሲነሳ የሄደው ወደ ሜክሲኮ ከተማ ወደ ብሔራዊው የኪነ ጥበባት ተቋም የቴያትር ትምህርት ቤት ነው። ካስተማሩት አንዱ ባለቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ ሀቪየር ቪያኡሩቲያ ነበር። «ሎፔዝ ሎፔዝ» ለመድረክ አይሆንምና ከቅዱስ ጳውሎስ የትውልድ ከተማ ከጠርሴስ ስም ወሰደና ታርሶ ተባለ።

ከዛፉ ባይወድቅ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ለአድናቂዎቹ እንተወው። ድህነትን የቀመሰ ሁሉ ድሃን መጫወት ይችላል ብለንም አንልም፤ እንዲያ ቢሆንማ ስንቱ ተዋናይ በሆነ። ልናስታውስ የምንወደው፣ ታርሶ ሲኒማ የገባው በመድረክ ሰልጥኖ፣ ሙሉ ድምፅ ይዞ መሆኑን ነው። ሶፎክልስን የተጫወተ ሰው ነው፤ የጤባይን ንጉሥ የኤዲፐስን ቃል በትልቅ አዳራሽ የተናገረ። የሜክሲኮ ሲኒማ ደግሞ በዚያ ድምፅ ምን እንዳደረገ እንመልከት፦ ደጋግሞ ዝም አሰኘው።

የመጀመሪያ ፊልሙ በ1954 የወጣው «ላ ዴስኮኖሲዳ» ነው። በ1959 ሉዊስ ቡኙኤል በሠራው «ናዛሪን» ውስጥ በእስር ቤት ከቄሱ ጋር የሚገናኘውን የቤተ ክርስቲያን ሌባ ተጫወተ። ትንሽ ሚና ናት። ግን ያ ሌባ ለቄሱ የሚነግረው ነገር፣ አንተ በደጉ መንገድ እኔ በክፉው ሄደን ሁለታችንም ምን ፈየድን የሚለው ሐሳብ፣ የፊልሙ እንብርት ነው። ቄሱን ከሁሉም ይልቅ የሚያናውጠው እሱ ነው።

ወደ «ማካሪዮ» እንምጣ። ፊልሙ የሮቤርቶ ጋቫልዶን ነው፤ በ1960 ወጣ። ታሪኩ ማንነቱን ደብቆ በሜክሲኮ ከኖረው ከደራሲ ቢ. ትራቬን የተወሰደ ሲሆን፣ በአሜሪካው የኦስካር ሽልማት የውጭ ቋንቋ ፊልሞች ዘርፍ ለመታጨት የመጀመሪያው የሜክሲኮ ፊልም ሆኗል። ዘመኑ የስፔን ቅኝ ግዛት፣ ቀኑ የሙታን በዓል ዋዜማ ነው። ማካሪዮ እንጨት ቆርጦ እየሸጠ ልጆቹን የሚመግብ፣ ራሱ ጠግቦ የማያውቅ ሰው ነው። ከተማው በሙሉ ለሙታን ማዕድ ያዘጋጃል። የሞተው ምግብ ይቀርብለታል፤ በቁሙ ያለው የማካሪዮ ልጅ ግን ድስቱ ባዶ መሆኑን ያያል። ማካሪዮ እንጨት ሊያደርስ ዳቦ መጋገሪያ ሲገባ ለባለጸጎች የተጠበሱ ተርኪዎችን (ያንን ትልቁን የፈረንጅ ዶሮ) ያያል። በዚያች ሰዓት ይወስናል፦ ለብቻዬ፣ ከማንም ሳልካፈል፣ አንድ ሙሉ ተርኪ ካልበላሁ ከእንግዲህ እህል አልቀምስም።

በግቢያችን ይህን ፊልም ያዩ ልጆች ሁለት ቦታ ተከፍለዋል። አንዱ ወገን፣ ፊልሙ ድሃውን ሞኝ አድርጎ በሰማይና በምድር መካከል ያንከራትተዋል፤ ለርሃቡ ተጠያቂ የሆኑትን ትቶ ከሰይጣንና ከሞት ጋር ያዋውለዋል ይላል። የካሜራው ባለሙያ ጋብሪኤል ፊጌሮአም ድህነቱን አሳምሮታል፤ ሰማዩና ዛፉ ሲያምር ርሃቡ ይረሳል የሚል ክስ ይጨምራሉ። ይህ ክስ ፊጌሮአን ዕድሜ ልኩን የተከተለው ነው፤ ከንቱም አይደለም። ነገር ግን እነዚህ ልጆች ተዋናዩን አላዩትም ባዮች ነን።

ሚስቱ (ፒና ፔሊሴር ናት፤ ከሱ እኩል የተዋጣላት) ተርኪ ሰርቃ ጠብሳ በድብቅ ትሰጠዋለች። ይዞት ጫካ ይገባል። ሰይጣን በጌታ ልብስ መጥቶ ለአንድ ቁራጭ ሀብት ያቀርብለታል፤ እምቢ ይላል። እግዚአብሔር በሽማግሌ አምሳል መጥቶ ይለምነዋል፤ እምቢ ይላል። ምክንያቱም ሁሉ የአንተ ነው፤ የምትፈልገው ሥጋውን ሳይሆን የኔን እጅ መንሳት ነው ነው ነገሩ። ሦስተኛው እንደራሱ የከሳ፣ ብርድ ልብስ የደረበ ገበሬ መስሎ ይመጣል። ይህ ሞት ነው (ኤንሪኬ ሉሴሮ)፤ ማካሪዮም ለሁለት ከፍሎ ግማሹን ይሰጠዋል። ለምን? ሞት ሲመጣ ሰው ለምንም ጊዜ አይኖረውም፤ አብረን እስክንበላ ድረስ ግን እኖራለሁ ብሎ አስቦ ነው።

እዚህ ላይ ታርሶ ምን ያደርጋል? ጀግና አይሆንም፤ ቅዱስም አይሆንም። ሰይጣንን ሲመልስ ድምፁ የገበያ ድምፅ ነው፤ ዋጋ እንደማይስማማው ሻጭ። እግዚአብሔርን ሲመልስ ያፍራል፤ ግን አይንቀሳቀስም። ሞትን ሲያይ ብቻ ሒሳብ የሚያሰላ ሰው ፊት ይሆናል። ሞኝ የተባለው ሰው ከሦስቱም እንግዶች ይልቅ የሚያስብ እሱ መሆኑን ያለ አንዲት ትርፍ ቃል ያሳየናል። ድሃው የተመኘው የሌላውን ንብረት አይደለም፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሙሉ ነገር ነው። ይህችንም በግማሽ አስከፈሉት። ከዚህ የባሰ ክስ በማኅበራዊ ሥርዓት ላይ ምን ዓይነት ነው? በጓደኞቻችን በኩል ለመሆን የሚቀለው በኋለኛው ክፍል ነው። ሞት በሰጠው ውኃ ማካሪዮ በሽተኛ ሲፈውስ፣ ሲከብር፣ የኢንኩዊዚሲዮን ችሎት ሲከሰው፣ የእንደራሴው ልጅ ሲያጣጥር ታሪኩ ይሮጣል፤ ተዋናዩም ከገበሬው አካል ትንሽ ወጣ ብሎ መድረኩን ያስታውሳል። የእያንዳንዱ ሰው ነፍስ እንደ ሻማ በሚበራበት ዋሻ ውስጥ (ካካዋሚልፓ በሚባለው እውነተኛ ዋሻ ነው የተቀረጸው) ሲቆም ግን እንደገና ያው እንጨት ቆራጭ ነው። በመጨረሻ ሚስቱ ጫካ ውስጥ ሞቶ ታገኘዋለች፤ ተርኪው ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ተበልቶ፣ ግማሹ አለ።

በ1963 በኢስማኤል ሮድሪጌዝ «ኤል ኦምብሬ ዴ ፓፔል» (የወረቀት ሰው ማለት ነው) ያንን የኤዲፐስ ድምፅ ጨርሰው ወሰዱበት። ከቆሻሻ ክምር ወረቀት የሚለቅም ዱዳ ሆነ። ዱዳው አሥር ሺ ፔሶ የተጻፈበት አንድ ብር ያገኛል፤ ከዚያ ወዲህ ወዳጅ ይበዛለታል። ነገሩ አንዳንድ ቦታ እንባ ያበዛል፤ ሮድሪጌዝ እንባ ይወድ ነበር። ቢሆንም አንደበት የሌለው ሰው ገንዘቡን ሲደብቅና ሲያወጣ እጆቹን ብቻ ማየት ይበቃል።

ትልቁ ጉዳያችን ያለው ግን «ሮሳ ብላንካ» ላይ ነው። ይህም የጋቫልዶን፣ ይህም ከትራቬን ልብ ወለድ የተወሰደ፣ በ1961 የተሠራ ነው። ታርሶ ሀሲንቶ ያኜዝ የተባለ ባለ ርስት ነው። መሬቱ ከአባት ከአያት የወረደ፣ ዘመድ አዝማድ የሚኖርበት ነው። ከሥሩ ነዳጅ አለ። የአሜሪካ ኩባንያ ሊገዛው ይመጣል፤ ሀሲንቶ አልሸጥም ይላል። እኔ ብሸጠው እነዚህ ሁሉ የት ይደርሳሉ ነው መልሱ፤ የኩባንያው ሰዎች ደግሞ ይህን መልስ የሚጽፉበት መዝገብ የላቸውም። አታልለው አሜሪካ ወስደው ይገድሉታል፤ መሬቱም ይወሰዳል። ሜክሲኮ ነዳጇን በ1938 በፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ ዘመን ብሔራዊ ንብረት አድርጋለችና ፊልሙ የመንግሥቱን ኩራት የሚናገር ይመስላል። መንግሥት ግን አገደው። እስከ 1972 ድረስ ሕዝብ አላየውም። ታርሶ ለዚህ ሚና አሪየል የተባለውን የአገሩን ሽልማት የተቀበለው በ1973 ነው፤ ሥራው ከተሠራ ከ12 ዓመት በኋላ! የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ የሠራውን፣ የአርባ ስምንት ዓመት ሰው ወጥቶ ተሸለመበት።

በመካከሉ የሠራቸውን በአጭሩ እንለፋቸው። «ኤል ጋዮ ዴ ኦሮ» (1964) ከሁዋን ሩልፎ ታሪክ ተወስዶ፣ ካርሎስ ፉዌንቴስና ጋብሪኤል ጋርሲያ ማርኬዝ ለፊልም ያዘጋጁት ነው፤ ሊሞት የደረሰ አውራ ዶሮ አድኖ በድብድብ የሚከብር የመንደር አዋጅ ነጋሪ ሆኗል። ሦስት እንዲህ ያሉ ደራሲዎች ተሰብስበው ካወጡት የተሻለ ፊልም እንጠብቅ ነበር። በሉዊስ አልኮሪሳ «ታራኡማራ» (1965) ግን መልካም ነው፤ የአገሬውን ተወላጆች ኑሮ ሊያጠና ከከተማ የሄደ፣ ቀስ በቀስ በነሱ ወገን የሚቆም ሰው። በ1984 ጆን ሂዩስተን ከማልኮም ላውሪ ልብ ወለድ በሠራው ፊልም የዶክተር ቪሂልን ሚና ይዞ ከአልበርት ፊኒ ጋር ታይቷል።

ስለ ቴሌቪዥኑስ? ቴሌኖቬላ ሲባል አፍንጫቸውን የሚይዙ ወንድሞችና እህቶች አሉን። በ1981 «ኤል ዴሬቾ ዴ ናሴር» ሲሠራ ታርሶ ዶን ራፋኤል ዴል ሁንኮን ሆነ። ታሪኩ ኩባዊው ፌሊክስ ካይኝት በ1948 ለሬዲዮ የጻፈው ነው፤ የልጁን ዲቃላ እንዲጠፋ ያዘዘ አምባገነን አያት፣ ምሥጢሩን በደረሰበት ቀን ወድቆ አንደበቱ ይዘጋል። ሁሉን የሚያውቀው እሱ ነው፤ መናገር የማይችለውም እሱ ነው። ለብዙ ክፍል አገሩ ሁሉ «ዶን ራፋኤል መቼ ይናገር ይሆን» እያለ ይጠብቃል። (በሬዲዮው ጊዜ አያቱን የሚጫወተው ሰው ደመወዝ ጨምሩልኝ ስላለ ደራሲው ዱዳ አደረገው ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን፣ የአሠሪና የሠራተኛን ነገር በደንብ ይገልጻል።) ታዲያ ይህ ያው የወረቀቱ ሰው አይደለምን? ልዩነቱ በ1963 ዝምታው የተገፋው ሰው ዝምታ ነበር፤ በ1981 የገፊው ሆነ። ተዋናዩ በሁለቱም ዐይኑን ይሠራበታል፤ በአንደኛው ዐይን እንራራለን፣ በሁለተኛው እንፈራለን። ይህን ከልቅሶ ድራማ ውስጥ ማውጣት መቻል ቀላል ነገር አይመስለንም።

በ1987 ደግሞ «ሴንዳ ዴ ግሎሪያ» መጣ። ከአብዮቱ ማግሥት ተነስቶ እስከ 1938ቱ የነዳጅ ውሳኔ የሚደርስ ታሪካዊ ተከታታይ ድራማ ነው፤ ታርሶ የቤተሰቡ አባት የሆኑትን ጄኔራል ተጫወተ። ያ በ1961 በቆርቆሮ ተዘግቶበት የነበረ የነዳጅ ታሪክ በየቤቱ ሳሎን ገባ። ግን በማን አንደበት? በ«ሮሳ ብላንካ» ታሪኩን የሚናገረው መሬቱን የተነጠቀው ገበሬ ነበር፤ አሁን የሚናገረው ባለ ማዕረጉ ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1988፣ ታርሶ ከ1929 ጀምሮ አገሪቱን ሲገዛ የኖረውን የተቋማዊ አብዮታዊ ፓርቲ ወክሎ የምክር ቤት አባል ሆነ፤ እስከ 1991 ቆየ። ያ ዓመት የቱ እንደሆነ የሜክሲኮን ታሪክ ያነበበ ያውቃል። በሐምሌ ምርጫ ድምፅ ሲቆጠር የቆጠራው ኮምፒዩተር «ተበላሸ» ተባለ፤ ካርሎስ ሳሊናስ አሸነፉ ተባለ፤ የተሸነፉት የዚያው ነዳጁን ለሕዝብ የመለሱት ሰው ልጅ ኩዋውቴሞክ ካርዴናስ ነበሩ። ውጤቱን ያጸደቀው ያ ምክር ቤት ነው። ሀሲንቶ ያኜዝን የተጫወተው ሰው፣ ሀሲንቶን ባገደው ፓርቲ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አንዳንዶቻችን ይህን ሰምተን ፊልሞቹን ሁሉ ልንክድ ቃጣን። ሌሎቻችን ደግሞ፣ የተዋንያን ማኅበርን የመራ ሰው በዚያ ዘመን ለአባላቱ አንዳች ነገር ለማስገኘት ከገዢው ፓርቲ በቀር ወዴት ይሄዳል አልን። ሁለቱም ክርክር ተከናውኖ አላለቀም፤ በየሻይ ቤቱ ገና ይቀጥላል። በእኛ በኩል የምንለው፣ የሰውዬውን ወንበር በፊልሙ ማጠብ እንደማይቻል ሁሉ፣ ፊልሙንም በወንበሩ ማጉደፍ አይቻልም ነው። በ1961 ካሜራው ፊት «አልሸጥም» ያለው ፊት እዚያው አለ፤ በ1988 የሆነው ነገር ሄዶ አይፍቀውም። ግን ከዚያ ወዲያ ፊልሙን የሚያይ ሰው ሁለቱንም ያያል፤ አለማየትም አይችልም።

ከዚያ በኋላም ብዙ ሠራ። በ2007 የወርቅ አሪየል ለዕድሜ ልክ ሥራው ተሰጠው። የሜክሲኮን አብዮት ኮሪዶዎች በቃሉ እየተረከ በሸክላ ያስቀረጸ ሰው ነው፤ እዚያ ድምፁ ሙሉውን ይሰማል። ዘጠና ዓመት ካለፈውም በኋላ መድረክ አልለቀቀም፤ ወረርሽኙ ቴያትር ቤቶችን በዘጋ ጊዜ እንኳ በኢንተርኔት ሲጫወት ነበር። መጋቢት 2023 በተወለደባት ከተማ፣ በ98 ዓመቱ ሞተ።

ፊልሞቹን ማየት የሚሻ ጓደኛ ከ«ማካሪዮ» ባይጀምር እንመክራለን። መጀመሪያ «ሮሳ ብላንካ»ን ይይ፤ ከዚያ የወረቀቱን ሰው፤ «ማካሪዮ»ን ለመጨረሻ ያቆየው። ሲያየውም ጫካው እስኪደርስ አይቸኩል፤ ዳቦ መጋገሪያው በር ላይ ሰውዬው እንጨቱን ተሸክሞ ቆሞ የተጠበሰውን ሲያይ፣ እዚያ ላይ ይቆይ።